የደበዘዘው ኮከብና የቸኮለው አፌ

ጥያቄው የመጣው ጉደር ላይ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ነው። የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጨርሰን ውጭ ቆመን ሰማዩን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአንድ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው ለምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» የሚሉትን የእኛን አገር ስሞች እንዳጸደቀ ነገርኳቸው። ሁሉም ሳቁ። አንዱ ልጅ ግን «ፓስተር፣ አቦል ላይ ሰው ይኖር ይሆን?» አለኝ።

አቦል በክብደት ጁፒተርን የምትበልጥ የጋዝ ፕላኔት እንደሆነች፣ ሰው የሚቆምበት መሬት እንኳ እንደሌላት ነገርኩት። አልረካም። «ያ የሚደበዝዘው ኮከብስ? ሌሎች ፍጥረታት ሠርተው የከለሉት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ እምነታችን ምን ይሆናል? እርስዎ ምን ይላሉ?»

ልጁ የሰማው ታሪክ መነሻ አለው። ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለአራት ዓመታት ከ150 ሺህ በላይ ከዋክብትን ሲከታተል ነበር። ፕላኔት በኮከብ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይቀንሳል። ጁፒተርን የምታህል ፕላኔት በፀሐያችን ፊት ብታልፍ እንኳ የምትቀንሰው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንድ ኮከብ ግን በ2011 15 በመቶ፣ በ2013 ደግሞ 22 በመቶ ያህል ደበዘዘ። ይህን በመጀመሪያ ያስተዋሉት መረጃውን በዓይናቸው የሚመረምሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ታቤታ ቦያጂያን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2015 ይፋ ስላደረገችው ኮከቡ በእርሷ ስም «የታቢ ኮከብ» ተባለ።

አንዳንድ ሳይንቲስቶች ከብዙ አማራጮች አንዱ አድርገው «የሌላ ሥልጣኔ ግዙፍ ግንባታ እንደሆነም እንመርምር» አሉ። ወሬው ግን «እንመርምር» የሚለውን ጥሎ ሮጠ። ቴሌስኮፑ ያየው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው ከ1,400 ዓመታት በፊት፣ በአክሱም ነገሥታት ዘመን ነው። እኛ ግን ሦስት ዓመት መታገሥ አቃተን።

ተመራማሪዎቹ ታገሡ። ከ1,700 በላይ ሰዎች ባዋጡት ገንዘብ ኮከቡን ከምድር ሆነው ተከታተሉትና ውጤቱን በ2018 አሳወቁ። ኮከቡ ሲደበዝዝ ሰማያዊው ብርሃን ከቀዩ ይልቅ ይቀንስ ነበር። የከለለው ጠጣር ግንባታ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ቀለም እኩል በጋረደ ነበር። እዚህ ጉደር በበጋ አቧራና ጢስ አየሩን ሲሞላው የምትጠልቀው ፀሐይ የምትቀላው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደቃቅ ብናኝ ቀዩን ብርሃን በተሻለ ያሳልፋል። ኮከቡን ያደበዘዘውም ደቃቅ አቧራ መሆኑን ቀለሙ ተናገረ። አቧራው ከየት እንደመጣ ዛሬም ይጠናል።

ይህን ለልጁ ሳስረዳው ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ድምፄ ቀነሰ። በፈቃዷ ነው የምጽፈው።

ከዓመታት በፊት በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል አንዲት እህት ደበዘዘችብኝ። መጀመሪያ ከመዘምራን ወጥታ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች። ቀጥሎ ከረቡዕ ጸሎት ቀረች። ፊቷም ጠቆረ። እኔ ምንም ሳልጠይቃት ምክንያቱን ያወቅሁ መሰለኝ። አስጠርቼ «ልጄ፣ የደበቅሽው ኃጢአት ካለ ንስሐ ግቢ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ «እሺ ፓስተር» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለአራት ወራት ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም።

ባለቤቴ ቤቷ ሄዳ አብራት ቡና ጠጣች። በአቦሉ ምንም አልተናገረችም፣ በቶናውም እንዲሁ። በረካው ሲቀዳ አለቀሰች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። እኔ ኃጢአት ነው ያልኩት ኀዘን ነበር። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይቅር አለችኝ። ወደ መዘምራን ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

የነገረ መለኮት ኮሌጅ ገብቼ ዮሐንስ 9ን ተምሬ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ የማን ኃጢአት ነው ብለው ጠየቁ። ጌታችን ጥያቄያቸውን አልተቀበለም፤ ወደ ሰውዬው ቀረበ። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገዋል። ስሕተታቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ጀመረ። የማናውቀውን ጨለማ አንዱ በሌላ ዓለም ፍጥረታት ይሞላዋል፣ እኛ አማኞች ደግሞ በሰይጣን ወይም በሰው ኃጢአት። ችኮላው አንድ ነው። የእኛ ግን ሰው ይጎዳል።

ለልጁ እንዲህ አልኩት፦ በሌላ ዓለም ፍጥረታት ይኑሩ አይኑሩ መጽሐፍ ቅዱስ አልነገረንም። ቢኖሩም ግን እንደ ቆላስይስ 1፥16 ሁሉ የተፈጠረው በክርስቶስ ነውና ከእርሱ ጌትነት ውጭ የሚሆን የለም። እምነትህ በኮከብ መደብዘዝ አይናወጥ። «አላውቅም» ማለትም ክህደት አይደለም።

መዝሙር 147ን ስታነቡ ቁጥር 3ን እና 4ን አብራችሁ አንብቡ። ከዋክብትን የሚቆጥረውና በየስማቸው የሚጠራው አምላክ፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ የተሰበሩ ልቦችን ሲጠግን ታገኙታላችሁ።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት ከመካከላችሁ የደበዘዘ ሰው አለ? ከመፍረዳችሁ በፊት ቤቱ ሂዱ። እስከ በረካው ተቀመጡ።

ጌታ ይባርካችሁ።