ለልጄ፦ ስለ ኋላ ዲፈረንሻል

  

ያገለገለ አይሱዙ ገዝተህ ከደባርቅና ከዳባት ገብስና ባቄላ ወደ ጎንደር ልታመላልስ፣ ሲገኝም ሊማሊሞን ወርደህ አዲአርቃይ ልትደርስ እንደ ቆረጥክ ሰማሁ። ይቅናህ። ሞተሩንና ጎማውን ገዢ ሁሉ ያያል፤ ተጎንብሶ የኋላ ዲፈረንሻሉን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት ዘይቱን አውርደህ እይ። አስቀድመህ የላይኛውን፣ የመሙያውን ቡሎን ፍታ፤ እሱ እምቢ ካለህ የታችኛውን አትንካው፤ አፍስሰህ መሙያ ታጣለህ። ዘይቱ የሚወርደው መኪናው ጥቂት ተነድቶ ሞቅ ሲል ነው። በደባርቅ የማለዳ ብርድ የረጋ ዘይት ብረቱን ከስር ያስቀርብሃል። ብዙ ጊዜ የታችኛው ቡሎን ጫፍ ማግኔት አለው፤ ከሌለው ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ በሳፋው ዘይት ውስጥ አዙር።

ማግኔቱ ላይ ግራጫ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ኩል የሚልም ነገር ካገኘህ አትደንግጥ። በዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚናከሱት የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች ሲሽከረከሩ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ያ ብናኝ የማይቀር ነው፤ ጥርሱ አዲስ ከሆነማ መጀመሪያ ላይ ይበዛል። ብዛቱን ብቻ አይተው «ይከፈት» የሚሉ መካኒኮች አሉ። እኔ የማየው የብናኙን ትልቅነትና ቅርጽ ነው። ጣት የሚወጋ ነገር አንድም ቢሆን አትናቀው። ስስ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከኩሽኔታ ወይም ከጥርስ ፊት የተላጠ ነው፤ ብረቱ ከጫና ብዛት ደክሞ ተሰንጥቋል፤ መላጥ ከጀመረ ደግሞ አይመለስም። ማዕዘን ያለው ወፍራም ስባሪ ካየህ መኪናው ከቆመበት አይነሳ። ዘይቱ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውሃ ገብቶበታል፤ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲነከር ውሃ ይስባል።

ጥርት ያለ አዲስ ዘይት ከወረደልህ ግን ምንም አላየህም። እንዲያውም ጠርጥር።

መንገዱ አይምርም። ሊማሊሞን ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲቆርጠው ያን ያህል መጠማዘዝ ያበዛው ገደሉ ሌላ መውረጃ ስለማይሰጥ ነው። ሽቅብ ስትወጣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና ይልና ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዘይት ከጎደለ ቀድሞ የሚደርቀው የፊተኛው የፒኞን ኩሽኔታ ነው። ቁልቁል በከባድ ማርሽ ስትወርድ ደግሞ ኃይሉ ከጎማ ወደ ሞተር ስለሚዞር ጥርሱ በሌላኛው ፊቱ ይሠራል። ሽቅብ ዝም ብሎ ቁልቁል ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ያንኛውን ፊት አስመርምር። (ዲፈረንሻሉን ላሳርፍ ብለህ ማርሽ ነፃ አድርገህ እንዳትወርድ፣ አደራ! የሚያልቀው ፍሬንህ ነው።)

ከገዛኸው በኋላ ጭነት ይዘህ ጎንደር ደርሰህ ተመለስና ዘይቱን ድጋሚ አውርድ። ባወረድክ ቁጥር ከማግኔቱ ያገኘኸውን በነጭ ወረቀት ላይ እሽ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍበት፣ ጋቢና ውስጥ አስቀምጥ። መካኒክ ሲያስፈራራህም ሲያባብልህም ወረቀቶቹን ደርድረህ አሳየው።

መኪናውን የምታይበትን ቀን አስታውቀኝ። ማግኔት እኔ ዘንድ አለ፤ ወደ ደባርቅ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ።

አባትህ፣ ከዳባት