ወደ ጎርጎራ በጀልባ፦ አንዴ የሄደ ለምን ይደግማል?

ቤተሰብዎ ለእረፍት ሲወጣ ሻንጣውን የሚያዘጋጀው ማን ነው? የልጆቹን ልብስ ቆጥሮ የሚያጥፍ፣ ስንቁን የሚቋጥር፣ «ቻርጀሩ የት ገባ?» ሲባል የሚመልስ፣ ሆቴል ከተደረሰ በኋላም ማታ ማታ ካልሲ የሚያጥብ? መልሱን ለጊዜው በልብዎ ይያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የአባቴ እናት ደግሞ ከጣና ማዶ፣ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ ብዙም በማይርቅ የደንቢያ መንደር ይኖሩ ነበር። በየዓመቱ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ እሳቸውን ልንጠይቅ እንሄዳለን። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በአውቶቡስ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ በወረታና በአዘዞ አድርጎ በዚያው ቀን የሚያደርሰው ነው። ሁለተኛው የጀልባው ነው። ያኔ ጀልባው እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከባሕር ዳር ይነሣ ነበር፤ ዘጌንና ደቅን ነክቶ ቁንዝላ ያድርና በማግስቱ ደልጊን አልፎ ሰኞ ወደ ማምሻው ላይ ጎርጎራ ይገባ ነበር።

የአጎቴ ልጆች በአውቶቡስ ሄደው እሑድ ማታ አያቴ ቤት ዶሮ ይበላሉ። እኛ በዚያ ሰዓት ቁንዝላ ላይ፣ አንዲት ጠባብ አልጋ ቤት ውስጥ አራት ሆነን ተጠጋግተን ተኝተናል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ነገሩን አጥንተን «አባዬ ብር ስለሚቆጥብ ነው» ብለን ደመደምን። የአስተማሪ ልጆች ነበርንና መደምደሚያው አላስቸገረንም።

ሆኖም ጀልባው ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። ከዘጌ የቡናና የጌሾ ኩንታል ይጫናል፤ ከደቅ ማንጎ። እግሯ የታሰረ ዶሮ ከወንበር ሥር ትጮኻለች። የደንገል ታንኳዎች እንጨት ተሸክመው ወደ ባሕር ዳር ሲቀዝፉ በአጠገባችን ያልፋሉ። ከፊት ለፊቱ ጫፍ ላይ እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ራበኝ» ስላት ፊቷን ሳታዞር «አባትሽን ጠይቂ» ትለኛለች። አገልግሉ በእርግጥም አባቴ ጭን ላይ ነበር። ቤታችን ውስጥ አባቴ አገልግል ሲይዝ ያየሁት እዚያ ጀልባ ላይ ብቻ ነው። ልጅ ነበርኩና ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ዓለም የሚከፍልበት ነገር

ዛሬ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ አዲስ ደንበኛ ማምጣት ከባድ ነው፤ የመጣውን ደግሞ ማስመለስ ከዚያ የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ ደንበኛው ደጋግሞ የሚመለስበት ንግድ ሳይ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከእነዚህ ንግዶች አንዱ በመርከብ መዝናናት፣ ፈረንጆቹ ክሩዝ የሚሉት ነው። የመርከብ መስመሮቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው ቁጥር መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ31 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በክሩዝ ተጉዘዋል፤ አንዴ ከሄዱት ውስጥም ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ደግመው መሄድ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ።

ለምን? መዋኛ ገንዳና የምግብ ድርድር በየብስ ሆቴልም ሞልቷል። መርከቡ የሚለየው በሦስት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ሻንጣ የሚፈታው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ወደ እርስዎ ይመጣል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ወጪ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በየደረሱበት ለአልጋ፣ ለምሳና ለታክሲ መደራደር የለም። ሦስተኛ፣ ማንም የትም አይሄድም። ቤተሰቡ አንድ ላይ ነው፤ ግን «አሁንስ ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ ሁሉም በአንድ ሰው ላይ አይጭንም።

የእኛ የጣና ጀልባ ከእነዚያ ተንሳፋፊ ሆቴሎች ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ወንበሩ ጠንካራ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ባላወራ ይሻላል። ቤተሰቤ ግን በየዓመቱ ወደ እሱ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ምቾት ካልሆነ የሚያስመልሰው ምንድን ነው?

«እኔማ ውኃ እፈራለሁ»

መልሱን ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ አያቴ አርፈዋል፤ እኔም ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ልጆቼ የቅድመ አያታቸውን አገር ይዩ ብዬ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ የሞተር ጀልባ ተከራየን። ለጉዞው ከአዲስ አበባ የመጣሁት ሰንጠረዥ ይዤ ነው፤ በስንት ሰዓት የት እንደምንደርስ፣ ማን ምን እንደሚበላ፣ የትኛው ልጅ የትኛውን ኮፍያ እንደሚያደርግ ሁሉ ተጽፏል።

ጀልባዋ ከወደቡ ገና ከመውጣቷ አባቴን ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያን ጊዜ ሁሌ በጀልባ የምትወስደን ብር ለመቆጠብ ነበር አይደል?»

አባቴ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ እንደያዘ ሳቀ። «እኔ? እኔማ ውኃ እፈራለሁ። እናትሽን ጠይቂ።»

እናቴ እንደ ድሮው ጫማዋን አውልቃለች። ለመመለስም አልቸኮለችም። «ባሕር ዳር የራሴ ጓዳ አለ» አለችኝ። «ማዶ ስደርስ የአማቴ ጓዳ ይጠብቀኛል። ምራት አይደለሁ? ከጀልባ ወርጄ ጉልበት ስሜ ሳልጨርስ ማጀት ነው የምገባው። በሁለቱ መካከል ያለው ይሄ ውኃ ብቻ ነበር። እዚህ በር የሚያንኳኳ የለ፣ እንግዳ አይመጣ፣ ድስት አይጣድ። አባትሽ ይህን ያውቅ ነበር።»

ከዚያ ስልኬን ከእጄ ወስዳ፣ ሰንጠረዡ እንደተከፈተ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አንቺም ቁጭ በይ» አለችኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛው አባቴ መስሎኝ ነበር። ትኬቱን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ የሚጓዘው ግን ለእሷ ነበር። ውኃ የሚፈራ ሰው በዓመት አራት ቀን፣ ሁለቱን ሲሄድ ሁለቱን ሲመለስ፣ አገልግል ታቅፎ ጣና ላይ ይውላል። በመጀመሪያ የጠየቅሁዎትን ጥያቄ በእኛ ቤት የመለሰው እሱ ነው፤ በአንድም ቀን ግን በቃል አልተናገረውም። እኔ ደግሞ እዚያች ጀልባ ላይ፣ አሁን በእኔ ቤት ያ ሰው ማን እንደሆነ ገባኝ።

ደርሰው የሚያዩት

ጎርጎራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ታሪኳ ግን ትልቅ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ ዳርቻ ከትመው ነበር። ከእሳቸው ጋር የነበረው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ ያየው ሰው፣ እዚሁ ጎርጎራ እ.ኤ.አ. በ1622 አረፈ። ማርያም ግንብ በሚባለው ቦታ የዚያ ዘመን የድንጋይ ሥራ ፍርስራሽ እስካሁን ይታያል። የሱስንዮስ ልጅ ፋሲል ነገሡና መናገሻቸውን ጎንደር ላይ መሠረቱ። ጎንደርን ያየ ልጅ ካለዎት፣ ከጎንደር በፊት የነበረውን እዚህ ያሳዩት።

ከሐይቁ ዳር የምትገኘውን ደብረ ሲና ማርያምን ሳያዩ አይመለሱ። የሣር ክዳን ያላት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመቅደሷ ግድግዳ በጥንታዊ ሥዕሎች ተሸፍኗል። ታላቋ ልጄ ከሥዕሎቹ ፊት ለፊት ቆማ፣ እናቴ እያንዳንዱን ታሪክ ስትተርክላት አንድ ሰዓት ያህል አልተንቀሳቀሰችም። ለምሳ ደግሞ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ተጠብሶ በሎሚና በሚጥሚጣ።

በመንገድ ላይም ለማረፍ የሚሆን ብዙ አለ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውና 37 ደሴቶች የሚቆጠሩበት ሐይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በዘጌ ልሳነ ምድር ኡራ ኪዳነ ምሕረትን በቡናው ጫካ ውስጥ እየተጓዙ ያገኟታል። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ልብ ይበሉ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ይህን ሳያውቁ ሄደው እናትንና ሴት ልጆችን ጀልባ ላይ ማስጠበቅ ቅር ያሰኛልና መስመርዎን ከመነሻው ያስተካክሉ።

ከመነሣትዎ በፊት

ጣና ጠዋት እንደ መስተዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ስለዚህ ማልደው ይነሡ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆቹም በልካቸው፣ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳያዩ አይሳፈሩ። እኛ በሄድን ጊዜ የልጆች ልክ ያለው አንድ ብቻ ሆኖ፣ ሌላ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ዳር ላይ ቆመናል። ባለጀልባው ተቆጥቷል፤ እኛ ግን አልተጸጸትንም።

ዋጋ ሲነጋገሩ ስምምነቱ በሰው ቁጥር ነው ወይስ ለጀልባው በሙሉ፣ በየደሴቱ የሚጠብቅበትና የመልሱ ጉዞ ተካትቷል ወይ ብለው በግልጽ ይጠይቁ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ይያዙ። ሰፊ ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውኃና ለልጆች ትርፍ ልብስ አይርሱ። የጣና ዳርቻ የወባ አካባቢ ነውና ማታ አጎበር ያስፈልጋል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወርሮ ገበሬውንም ዓሣ አጥማጁንም ጀልባውንም ሲያስቸግር ቆይቷል። ልጆችዎ ሲያዩት ሐምራዊ አበባው ያምራቸዋል፤ ምን እንደሆነ እግረ መንገድዎን ይንገሯቸው። የአካባቢው ሰላምም ለቤተሰብ ጉዞ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እኛ ራሳችን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አስበን ሁለት ጊዜ አስቀርተናል። ቀን ከመቁረጥዎ በፊት እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ይጠይቁ፤ ካልሆነም ይቆዩ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

መልካም ነገሮችም አሉ። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተሠሩት መዝናኛዎች አንዱ ጎርጎራ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ተነሥታ፣ በየብስ በተሽከርካሪ ተጭና፣ ተራራውን ወጥታ ጣና ደርሳለች። እናቴ ዜናውን በቴሌቪዥን ያየች ዕለት ማታ ደወለችልኝ። ስለ ጀልባዋ ትልቀትም ስለ ውበቷም አልጠየቀችኝም። «ወንበሯ ከፊት ነው ከኋላ?» አለችኝ።

እስካሁን አላወቅሁላትም። ሄደን የምናይበትን ቀን እየጠበቅን ነው። እርስዎ ከቀደሙን ግን አንድ አደራ አለኝ፦ ከቤትዎ ያንን ሰው ከፊት ያስቀምጡት፤ አገልግሉንም እርስዎ ይያዙት።