መርከቧ ሳትደርስ

ከሮተርዳም መሀል የተነሳው ሜትሮ ሁክ ፋን ሆላንድ ሲያደርሰኝ የሰሜን ባሕር ነፋስ ኮቴን ሊያስወልቀኝ ደረሰ። ነፋሱን ግን ወዲያው ረሳሁት። እ.ኤ.አ. በ1872 የተከፈተው ኒው ዋተርቬግ የተባለው ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድ እዚህ ከባሕሩ ጋር ይገናኛል፤ በላዩ መርከብ ከመርከብ ተከታትሎ ይገባል፣ ይወጣል። ከባሕሩ አፍ እስከ ከተማዋ ወደቡ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ይህን ሲያይ ዓይኑ አይጠግብም፤ የእኔም አልጠገበም።

በዚሁ የውኃ መንገድ ዳር፣ ወደ ከተማዋ መለስ ሲሉ፣ ማስላንትኬሪንግ የተባለው የማዕበል መከላከያ አለ። በ1997 የተመረቀው ይህ መከላከያ ሁለት ተንሳፋፊ የብረት በሮች አሉት፤ እያንዳንዱ በር 210 ሜትር ርዝመትና 22 ሜትር ከፍታ አለው። መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። የባሕሩን ከፍታና የአየር ትንበያውን ሌት ተቀን ይከታተላል፤ ውኃው ከተወሰነው መጠን ሊያልፍ ነው ብሎ ሲያሰላ በሩን ይዘጋል። በዲሴምበር 2023 ማዕበል ሲነሳ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከመሬቱ ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች የሆነበት ሕዝብ ነፍሱን ለስሌት አደራ መስጠቱ መጀመሪያ አስደነገጠኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ኮምፒዩተሩን የሚያምኑት የሚሰጡትን መረጃ ስለሚያምኑት ነው። ወደቡን ስዞር ይኸው ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ።

ግዙፎቹ የኮንቴይነር መርከቦች ወደ ከተማዋ አይዘልቁም፤ ከባሕሩ አፍ ወደ ማስፍላክተ ይታጠፋሉ። ማስፍላክተ ሁለት የሚባለው ክፍል ሥራው በ2008 እስኪጀመር ድረስ ባሕር ነበር። ሆላንዶች 240 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ከባሕሩ ወለል እየሳቡ 2,000 ሄክታር ያህል ቦታ ከባሕር ላይ ወሰዱ። እዚያ ጫፍ ላይ በ2025 ለጎብኚ የተከፈተው ፖርትላንቲስ ቆሟል። ውጪውን የሚዞረውን ቀይ ደረጃ ወጥቼ አናቱ ላይ ስደርስ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ዓይን እስኪታክት የተሰለፉ ክሬኖች ታዩኝ። እንዲህ ያለ ውበት በብረት ሊሠራ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በጎብኚዎች ጀልባ ወደ ተርሚናሎቹ ስንጠጋ አንዱን ክሬን ነጥዬ አየሁት። በብዙ ወደቦች ከክሬኑ ክንድ ሥር የመስታወት ክፍል ተንጠልጥላ፣ ኦፕሬተሩ አንገቱን ደፍቶ ቁልቁል እያየ ይሠራል። እዚህ ክፍሏ የለችም። በ2015 የተመረቀው ኤፒኤም ተርሚናልስ ኦፕሬተሮቹን ከቢሮ ሕንፃ ውስጥ ስክሪን ፊት አስቀምጧቸዋል። ኮንቴይነሩ ከመርከቧ ሆድ ወጣ፣ በአየር ላይ ተሻገረ፣ በመጨረሻም ሹፌር የሌለው ጠፍጣፋ ተሽከርካሪ ላይ አረፈ። ተሽከርካሪው መንገዱን የሚያገኘው ወለሉ ውስጥ በተቀበሩ ምልክት ሰጪዎች ነው። ባትሪው ሲደክም ወደ መቀየሪያው ጣቢያ ራሱ ይሄዳል፤ እዚያም ሮቦት የተሞላውን ይተካለታል። ሮተርዳም ሹፌር አልባ ተሽከርካሪ በወደብ ሥራ ላይ ያዋለችው በ1993 ነው፤ በዓለም ቀዳሚ ነበረች።

የሠራተኛውስ እንጀራ? የጀልባዋ አስጎብኚ፣ ዕድሜያቸውን በወደብ ሥራ ያሳለፉ አዛውንት፣ ጥያቄዬን አላለፉትም። በጃንዋሪ 2016 ወደብ ሠራተኞች ማሽን ሥራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ለ24 ሰዓት ሥራ አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት አሠሪና ሠራተኛ ተነጋግረው እስከ 2020 የሚዘልቅ የሥራ ዋስትና ላይ ተስማሙ። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ ከክሬኖቹ በላይ የኮሩት በስምምነቱ ነበር። ልክ ናቸው እላለሁ። ሠራተኛውን በር ላይ ጥሎ የሚዘምን ወደብ ዘመነ አይባልም።

ልቤን ከሁሉ በላይ የወሰደው ግን ከጀልባ ላይ የማይታየው ነው። አንድ ኮንቴይነር ከመርከብ ወርዶ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ የመርከብ ወኪሉ፣ ጉምሩኩ፣ ተርሚናሉ፣ ትራንዚተሩ፣ የባቡርና የጭነት መኪና ድርጅቱ ይነካኩታል። ድሮ እያንዳንዱ የየራሱን ወረቀት ይዞ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር። ሮተርዳም በ2002 ለዚህ ሁሉ የጋራ የመረጃ መድረክ ጀመረች፤ በ2009 የአምስተርዳሙ ተቀላቅሎት ፖርትቤዝ ተባለ። አሁን የመርከቧ መድረሻ፣ የጭነቱ ዝርዝር፣ የጉምሩክ ማስታወቂያው ሁሉ በዚሁ ያልፋል። የጭነት መኪናው እንኳ መምጣቱን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ሹፌሩ በር ላይ ካርዱን አሳይቶ መዳፉን ያስነብባል።

መርከቦችም እንዲሁ። ከሩቅ ነዳጅ እያቃጠለች ከንፋ የምትመጣ መርከብ፣ ቦታ ካልተለቀቀላት መልህቋን ጥላ ከውጭ ትቆማለች። ተርሚናሉ መቼ ቦታ እንደሚለቅ አስቀድሞ ከነገራት ግን ፍጥነቷን ቀንሳ በሰዓቷ ትገባለች፤ ነዳጁም ገንዘቡም ይተርፋል። እርስ በርስ የሚፎካከሩ ድርጅቶች ትክክለኛ ሰዓታቸውን ለመነጋገር መስማማታቸው ለእኔ ከሹፌር አልባው ተሽከርካሪ ይበልጥ ይደንቃል።

ይህ መተማመን ጥበቃ ይፈልጋል። ኮንቴይነር ለመውሰድ የሚያገለግለው የምስጢር ቁጥር በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች እጅ መግባት ሲጀምር ወደቡ አሠራሩን ቀየረ፤ አሁን የመውሰድ መብቱ ከታወቀ ድርጅት ወደ ታወቀ ድርጅት በዲጂታል መንገድ ብቻ ይተላለፋል። በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒዩተር ጥቃት የዚህን ወደብ ተርሚናሎች ሳይቀር ለቀናት ሥራ አስፈትቶ ነበር። በኮምፒዩተር የሚሠራ ወደብ ኮምፒዩተሩን እንደ ግምጃ ቤት መጠበቅ ግድ ይለዋል።

ሮተርዳም ላይ ቆሜ ሐሳቤ ጅቡቲና ሞጆ ደረቅ ወደብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የለንም፤ የገቢና ወጪ ንግዳችን አብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል። ኮንቴይነር ቆሞ በዋለ ቁጥር ክፍያው በውጭ ምንዛሪ እንደሚቆጠር አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። ክሬኑ፣ አሸዋው፣ ግዙፉ የማዕበል መከላከያ የሀብታም አገር ሥራ ነው እንበል። አስመጪው፣ ትራንዚተሩ፣ ጉምሩኩና ባቡሩ ዕቃው ገና ባሕር ላይ ሳለ አንድ ዓይነት እውነት እንዲያዩ ማድረግ ግን የባሕር በር አይጠይቅም። ጉምሩክና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚገናኙበት የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት እኛም ዘንድ ተጀምሯል። ሮተርዳም ላይ እንዳየሁት፣ ሥርዓቱን ሥርዓት የሚያደርገው ሁሉም የሚያውቀውን በጊዜው ሲያስገባና የገባውን ሲያምን ነው። ይህን ልማድ ዛሬ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ባለው መስመር ላይ መትከል እንችላለን፤ እንችላለን ብቻ ሳይሆን ከማንም ይልቅ እኛ ያስፈልገናል።