ሱሉልታ ላይ ሞተርም ያለከልካል

ሰውየው ጀነሬተር ሊገዛ መርካቶ የወረደው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ ሌሊት ሱሉልታ ላይ መብራት ከስድስት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ጠፍቶ ነበር። ለጎረቤቱ ይህ ተራ ነገር ነው፤ ሻማ ይለኮሳል፣ ካልሆነም ይተኛል። የእሱ አባት ግን የሚተነፍሱት በመብራት ነው።

አባትየው ሳንባቸው ከደከመ ቆይቷል። ክረምቱ መግቢያ ላይ ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሐኪሟ ቤት ውስጥ ኦክስጅን እንዳይለያቸው አዘዘች። የተገዛላቸው ኮንሰንትሬተር የሚባለው ማሽን ነው፤ የክፍሉን አየር ስቦ ናይትሮጅኑን ያስቀርና ኦክስጅኑን በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይልካል። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጠው ዓይነት 350 ዋት ገደማ ይበላል፤ ሌሊትም ቀንም አያርፍም። መብራት ሲሄድ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ለእንዲህ ያለው ቀን ተብላ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ሲሊንደር አለች። በዚያች ሌሊት ልጅየው በስልኩ ብርሃን የሲሊንደሯን ቀስት ወደ ቀዩ ስትወርድ ሲያያት፣ አባትየው ደግሞ እሱን ያዩት ነበር። «ሂድ ተኛ፣ ነገ ሥራ አለህ» አሉት።

ሀገሩ ኃይል አጥቶ አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ጉባ ላይ የመነጨ ኃይል ሱሉልታ መኝታ ቤት እስኪደርስ ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ሽቦ ይጠብቁታል። ከእነዚህ አንዱ በነፋስ ሲዘም ወይም ጭነት በዝቶበት ሲቃጠል ግድቡ ሞልቶም ቤቱ ይጨልማል። ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ ደግሞ ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ ቤት፣ ቤቱም ፎቅ የሆነባቸው ከተሞች ናቸው፤ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቤቱ እየጨመረ ሽቦው እዚያው የቀረባቸው ሰፈሮች እንዳሉ የሚኖርባቸው ያውቃል። ይህን የሚያስተካክል ሥራ የለም ማለት አይደለም። ግን በእኩለ ሌሊት ትንፋሽ ላጠረው ሰው የአምስት ዓመት ዕቅድ አይደርስለትም።

ወደ መርካቶ እንመለስ። ሻጩ አንደበቱ የሚፈታ ወጣት ነው። «ወንድሜ፣ ለካምፒንግ ነው ለቤት?» ብሎ ጀመረ። ጥያቄው የመጣው ከካርቶኑ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ድንኳን፣ ጥድ፣ ሥጋ የሚጠብስ ፈገግተኛ ቤተሰብ ተስሎበታል። እርግጥ ዛሬ ዛሬ ወደ ወንጪና ወደ ሱባ ጫካ ድንኳን ይዞ የሚወጣ የአዲስ አበባ ወጣት በርክቷል፤ ስፒከር የሚያስጮህበት ጀነሬተር የሚጭንም አይጠፋም። ጫካ የሚኬደው ፀጥታ ፍለጋ ይመስል ነበር። ሰውየው «ለአባቴ ነው» ሲል ሻጩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ሦስት ዓይነት ቀረበለት። አንዷ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሰጣት፣ በአንድ እጅ የምትነሳ ርካሽ ማሽን ናት። ሁለተኛው በብረት ቱቦ መሃል የተቀመጠ ትልቅ፣ «3,500 ዋት» የሚል የተለጠፈበት። ሦስተኛው ሻንጣ የመሰለ፣ ሽፍን፣ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ «2,000 ዋት ኢንቨርተር» ይላል። ዋጋው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሹ ከትልቁ እጅግ ይወደዳል። ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ይሳሳትና በትልቁ ቁጥር ተሸንፎ ሁለተኛውን አስጭኖ ይሄዳል።

ልዩነቱ የሚገባ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በብዛት የሚሸጠው ተራ ጀነሬተር ያንን 50 ለመስጠት ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት፤ አንድ አምፖል ቢያበራም ሦስት ዕቃ ቢያነሳም ያው 3,000 ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ሞተሩ ይደናቀፋል፣ የሚሰጠው መብራትም አብሮት ይደናቀፋል። ሻጮች «ኤቪአር አለው» የሚሉት መሣሪያ ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ የሞተሩን መንገዳገድ አያቆምም፤ የሞገዱንም ቅርፅ አያጠራም። ኢንቨርተሩ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሞተሩ ያመነጨውን መጀመሪያ እንደ ባትሪ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኤሌክትሮኒክስ እንደ አዲስ ጥርት ያለ 50 ኸርዝ ይሠራል። ስለዚህ ሞተሩ 3,000 ላይ መታሰሩ ይቀርለታል። ጭነቱ ሲቀንስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም ጩኸቱም አብረው ይቀንሳሉ። ሌሊት ከጅብና ከውሻ በቀር ድምፅ በማይሰማበት የሱሉልታ ሰፈር ይህ ከጎረቤት ጋር ለመኖርም ይጠቅማል። ለሕክምና ማሽን ግን ዋናው የሞገዱ ጥራት ነው። ላፕቶፕ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል።

ሻጩ ያልነገረው፣ ምናልባትም ያላወቀው ሌላ ነገር አለ። ሰውየው ማታ ስልኩ ላይ የሆንዳን የተጠቃሚ መመሪያ ሲያገላብጥ አገኘው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ጉልበት 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዘጠኝ ጊዜ ሦስት ተኩል፣ ሠላሳ አንድ ተኩል። ከማሽኑ ጉልበት ሲሶው የሚጠጋው ካርቶኑ ሳይከፈት እንጦጦ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ ለሱሉልታ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በየማለዳው በመንገዱ ዳር የሚሮጡት አትሌቶች ከየቦታው የሚመጡት አየሩ ስስ ስለሆነ አይደለም እንዴ? የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ሯጩ ደሙን አበልጽጎ ይለምደዋል። ሞተር አይለምደውም። ያው ቤንዚን ይገባለታል፣ የሚያቃጥልበት አየር ያንሰዋል፣ ያልነደደው ካንዴላውን ያጠቁረዋል። መፍትሔው ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ለከፍታ በተሠራች ጠባብ መቀየር ነው፤ አምራቾቹ መለዋወጫውን ያዘጋጃሉ፣ መርካቶ ላይ ማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል። እንዲያም ሆኖ የጠፋው ጉልበት ሁሉ አይመለስም። ልጅየው ይህን ሲያስረዳ አባትየው ቱቧቸውን አስተካክለው «እሱም እንደኔ ነዋ» አሉ።

እዚህ ላይ ሒሳብ የግድ ነው። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው 2,000 ማሽኑ ለአፍታ ብቻ የሚችለው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሸከመው 1,600 አካባቢ ነው፣ ያም ከውስጥ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ከዚህ ላይ የከፍታውን ቀንሱ፤ 1,100 ይቀራል። ኮንሰንትሬተሩ 350፣ ፍሪጁ ሲሠራ 150፣ ዋይፋዩ፣ ሁለት አምፖልና ስልኮቹ ተደምረው 60 ቢሆኑ 560 ዋት ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት የሚፈልገው ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ስለሆነ ቀሪው ለዚያ ይሆናል። «1,000 ዋት» የሚባለው፣ 13 ኪሎ የሚመዝነውና ለድንኳን የሚስማማው ቢገዛ ኖሮ ሳያቋርጥ ከሚሰጠው 900 ሱሉልታ ላይ የሚተርፈው 620 ገደማ ነበር፤ ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር የአባትየው ማሽን ሊጠፋ ይችል ነበር።

ሚስቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ምጣድ ያነሳል?» አያነሳም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። «ታዲያ በዚህ ሁሉ ብር?» አለች፤ ጥያቄዋም ትክክል ነው። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ጤናማ ሰውንም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ናይጄሪያ ውስጥ ያችን አንደኛዋን ርካሽ ማሽን «አይ ቤተር ፓስ ማይ ኔበር» ይሏታል፤ ከጎረቤቴ እሻላለሁ እንደማለት ነው። ስሙ ያስቃል፣ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሞተር ሲያስነሳ የጋራውን መስመር የሚጠይቅ ሰው ምን ያህል እንደሚቀንስም ይናገራል። ከሱሉልታ ሰፈሮች አንዳንዶቹ ወደዚያው እየሄዱ ነው። ሰውየው ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ከግዢው በኋላ የከበደው ቤንዚኑ ነው። ማደያ በጄሪካን ያለ ደብዳቤ አይቀዳም። ጥቁር ገበያን ለመከላከል የወጣ ክልከላ ነው፣ ምክንያቱም ይገባል፤ ነገር ግን ጀነሬተር እየነዱት ማደያ አይደርሱበትም። ሰውየው የሐኪም ማስረጃ ይዞ አንድ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አገኘ። 10 ሊትር ቤቱ አስገባና ከመኖሪያው ርቃ ባለች፣ ቁልፍ ባላት ክፍል አስቀመጠው። በዚህ ጭነት ማሽኑ በሁለት ሊትር ግድም አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ብዙ አከማችቶ ማቆየት ደግሞ አይሆንም፤ ቤንዚን ወራት ሲቆይ ይበላሻል፣ ካርቡሬተር ውስጥ ከቀረም እንደ ሙጫ ይደርቃል።

ሊያገናኝለት የመጣው የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ጫፍና ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ይዞ ነበር። «ጋሼ፣ አንዱን ጀነሬተሩ ላይ፣ አንዱን ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ፤ ቤቱ በሙሉ ይበራል» አለው። ይበራል፣ እውነቱን ነው። ግን ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው ወደ ኋላ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ላይ በሺዎች ቮልት ይሆናል፤ ምሰሶ ላይ የወጣው ጠጋኝ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሽቦውን ይይዛል። መብራት የሚጠግንልህን ሰው በጀነሬተርህ መግደል እንዲህ ቀላል ነው። ቤቱ በሙሉ እንዲበራ የሚፈልግ ቼንጅ ኦቨር ያስገጥም። ሰውየው ግን ወፍራም ገመድና ዲቫይደር ገዝቶ በመስኮት ወደ አባቱ ክፍልና ወደ ፍሪጁ ብቻ ዘረጋ።

ማሽኑ የት ይቀመጥ የሚለውም ክርክር ነበረው። ሌባ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ስለዚህ «ኮሪደር ውስጥ ይሁን» ተባለ። የከሰል ጭስ ተኝቶ የቀረ ቤተሰብ ወሬ በየክረምቱ የምንሰማ ሰዎች ይህን ማሰባችን ይገርማል። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያው የከሰሉ ገዳይ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰውየው ከመስኮቱ ስድስት ሜትር ለክቶ፣ ግድግዳ የሌላት የቆርቆሮ ጥላ ሠራ፣ ብረት ቀብሮ በሰንሰለት አሰረው፣ ማርሚታውን ወደ ሜዳው አዞረው።

አንድ ቀዳዳ ቀረ። ጀነሬተሩ በገመድ ተጎትቶ ነው የሚነሳው፤ በሌሊት፣ በዝናብ፣ በብርድ ወጥቶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ሲሊንደሯ ለዚያ ተተወች። አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢጨመር ኮንሰንትሬተሩን ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆየው ነበር፣ ያለ ጭስና ያለ ደብዳቤ። ለአጭር መጥፋት ከጀነሬተርም ይሻላል። እንደ ሰኞዋ ሌሊት ላለው አምስት ሰዓት ግን አይበቃም። ገንዘቡ ለሁለቱም ስላልደረሰ ባትሪው ለሌላ ወር ተላለፈ።

አሁን እሁድ እሁድ ጠዋት፣ መብራት ቢኖርም ባይኖርም፣ ልጅየው ማሽኑን ለአስር ደቂቃ ያስነሳዋል፤ ካርቡሬተሩ እንዳይደርቅ ነው። አባትየው በመስኮቱ በኩል ያዳምጣሉ። ባለፈው እሁድ በአራተኛው ጉተታ ነበር የተነሳው።

«ካንዴላውን እየው» አሉ ከውስጥ።