የሞትን ቀን ስለ ማወቅ

ሰው ሁሉ እንደሚሞት ያውቃል፤ የሚሞትበትን ቀን ግን አያውቅም። የመጀመሪያው ዕውቀት ተሰጥቶት ሁለተኛው መከልከሉ ለሰው ልጅ ቅጣት ነው ወይስ ምሕረት? በዛሬው ዘመን ለወጣቶች በሚጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች ውስጥ የሰውን ሞት አስቀድሞ የሚያይ ልጅ ይገኛል፤ ደራስያኑም ነገሩን እንደ ስጦታ ይጀምሩትና ወዲያው ለልጁ ሸክም ያደርጉበታል። ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ዐውደ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍ የሚገልጥ ኮከብ ቈጣሪ የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደሉ ቍጥር አስልቶ በ12 ይገድፋል፤ ከተረፈው ቍጥርም ኮከቡን ያወጣል፤ ከኮከቡም ጠባዩን፣ ሀብቱን፣ በሽታውንና ዕድሜውን ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ብትከለክልም የሚጠይቅ ሰው አልጠፋም፤ ሳይጠይቅ የሚነገረውም አለ።

በጉና ተራራ ግርጌ፣ በገሳይ አገር ያደገ አንድ የቅኔ ተማሪ ነበረ። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነውና ብርዱ ለደበሎ ለባሽ ተማሪ ቀላል አይደለም፤ ይህን ልጅ ግን ያንቀጠቀጠው ብርዱ አልነበረም። በአንድ የበዓል ቀን ከሰው ቤት ተቀምጦ ሳለ ኮከብ ቈጣሪ ነኝ የሚል ሰው ስሙንና የእናቱን ስም ጠይቆ ከቈጠረ በኋላ «ይህ ልጅ 25 ዓመት አይሞላውም» አለ። ተናጋሪው ጠላውን ጠጥቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ከልጁ ጋር ቀረ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሌሊት ልቡ ሲመታ ጊዜው የደረሰ ይመስለው ጀመር። ጓደኞቹ ተኝተው እርሱ ትንፋሹን ሲያዳምጥ ያድራል። የቅኔ ትምህርቱንም ከፈጸመ በኋላ መምህሩ ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ ድጓ እንዲማር ባሰቡለት ጊዜ «የኔታ፣ ድጓ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ እኔ የት እደርስበታለሁ?» ብሎ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ሞቱ ገና ሳይመጣ የሞቱ ወሬ ዓመታቱን ይወስድበት ጀመር።

ፍርሃት ግን በሰው ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። የግሪኩ ታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ ስለ ልድያ ንጉሥ ስለ ክሮይሶስ ሲተርክ፣ ንጉሡ ልጁ አቲስ በብረት ጦር እንደሚሞት በሕልም አየ ይላል። ስለዚህ ልጁን ከጦርነት ከለከለው፤ ሚስት አጋባው፤ በቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መሣሪያ ሁሉ አስወረደ። ዳሩ ግን ልጁ አንድ ቀን አባቱን ለምኖ የዱር እሪያ ለማደን ሲወጣ፣ እንዲጠብቀው የተሰጠው ሰው የወረወረው ጦር አውሬውን ስቶ እርሱን መታው። የክሮይሶስ ፍርሃት አጥር ሠራ፤ አጥሩም ልጁን አላዳነም።

ለገሳይ ሰው ግን ምሳሌ ፍለጋ እስከ ልድያ መሄድ አያስፈልገውም። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የያዙት በፍካሬ ኢየሱስ ስለ ተነገረው ንጉሥ ነው። ትንቢቱ ስለ ክብር ነገራቸው እንጂ ስለ መቅደላ አልነገራቸውም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ወጥቶ እንደሚመጣባቸው ያውቁ ነበር። ስድስት ወር ያህል መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ ሄዱ። እጃቸው በሥራ ሳለ ንጉሡ ታላቅ ነበሩ። ነገር ግን ሥጋቱ በበረታ ጊዜ ያው እጅ በሰው ላይ ተነሣ፤ ከአሮጌ ጦርነት በፊት ባለው ቀን ብዙ እስረኞች በመቅደላ ገደል ተጣሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ዐለፉ። የጀግንነታቸው ዝና ለትውልድ ቢተርፍም፣ ሥልጣን ያለው ሰው ፍርሃት ሲይዘው ዕዳውን ሌላው እንደሚከፍልም ይኸው ታሪክ ይመሰክራል።

ንጉሥ ሕዝቅያስም እንደሚሞት በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ተነግሮት ነበር። እርሱ ግን አጥር አልሠራም፤ በሰውም ላይ ሰይፍ አላነሣም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየም። 15 ዓመት በተጨመረለት ጊዜ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ አልቀረም፤ ይህን ልብ ማለት ይገባል።

የዚያ ተማሪ መምህርም ስለ ኮከቡ አልተከራከሩትም። «ልጄ፣ ድጓን በአንድ ቀን ማን ተቀበለው? ተማሪ የሚቀበለው የዕለቱን ቀለም ነው። ነገ ብትሞት ያልደረስህበት ቀለም አይጠየቅህም፤ ነገ ብትኖር ግን ዛሬ የተውኸው ይጠይቅሃል» አሉት። ልጁም እየፈራ ሄደ። 25ኛው ዓመት መጣ፤ ዐለፈም። ኮከብ ቈጣሪው ሐሰተኛ ሆነ፤ ፍርሃቱ ግን አልሄደም፤ የተቀጠረው ቀን ሲያልፍ ሌላ ቀን ቀጠረ። በዚህ ጊዜ ተማሪው የታመመው በትንቢቱ ሳይሆን በጭንቀቱ መሆኑን አወቀ። ለንስሐ አባቱም ቢነግራቸው ጸበሉን ሳያስተዉ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ላኩት። ሐኪሙም የልቡ ምት መፍጠንና የእንቅልፉ ማጣት የጭንቀት ሥራ እንደ ሆነ፣ በምክርና በመድኃኒትም እንደሚታገሥ አስረዳው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር ማለቱ ለቍስልና ለንዳድ ብቻ አይደለም። ያ ተማሪ ዛሬ ለልጆች ቀለም ይነግራል፤ አንዳንድ ሌሊት ልቡ ይመታል፤ ሲነጋም ተነሥቶ ያስተምራል።

እንግዲህ አባቶች ሞትን አስቡ ያሉት ከኮከብ ቈጣሪው ነገር ጋር አንድ የሚመስለው ሰው ቢኖር በፍሬው ይለየው። ሞትን በሚገባ የሚያስብ ሰው ከባልንጀራው ይታረቃል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ ያቋረጠውን ሥራ ይጀምራል። የሞትን ቀን የሚቈጥር ግን ዘሩን በጐተራ፣ መጽሐፉን በማኅደር ትቶ ይቀመጣል። በቤቱ እንዲህ ያለ ሥጋት የያዘው ልጅ ያለው ሰው ፈሪ ብሎ አይስደበው፤ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ሐኪም ይውሰደው፣ ለነገም ጧት የሚሠራው አንድ ትንሽ ሥራ ይስጠው።