ስምዎ ከመዝገቡ አልገጠመም

መንግሥት ከግምጃ ቤቱ የሚከፍለውን ሥራ ተቋራጭ «የቀጠርሃቸው ሰዎች በዚህ አገር ለመሥራት የተፈቀደላቸው ናቸውን?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ሕግ አውጥቶ፣ በራሱ ገንዘብ ያ ሕግ ሲጣስ ዝም የሚል መንግሥት መንግሥትነቱ ምኑ ላይ ነው? ይሁንና በዚህ በአሜሪካ ስለ «ኢ-ቬሪፋይ» በተነሣ ቁጥር ወገኖቻችን ወዲያው በሁለት ጎራ ሲሰለፉ እሰማለሁ። አንዱ «ስደተኛን ማሳደጃ ነው» ይላል፤ ሌላው «እኔ በሕጋዊ መንገድ ገብቻለሁ፣ ምን ገዶኝ» ብሎ ይቀመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የማጣሪያው መዝገብ ያለጥፋቱ የሚያደናቅፈው እርሱን ነውና።

ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ ባጭሩ እናስታውስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ ያልተፈቀደለትን ሰው እያወቁ መቅጠርን ከለከለ፤ «አይ-9» የተባለው ቅጽም ከዚያ ተወለደ። በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የቅጹን መረጃ ከመንግሥት መዝገብ ጋር የሚያስተያይ ሙከራ ፈቀደ። ሙከራው በ1997 በአምስት ክፍለ ግዛቶች ተጀመረ፤ በ2007 «ኢ-ቬሪፋይ» የሚለውን የዛሬ ስሙን አገኘ። ጁን 6 ቀን 2008 ፕሬዚዳንት ቡሽ በፈረሙት ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ተቋራጮች ይህን መሣሪያ እንዲጠቀሙ ግዴታ ሆነ። የንግድ ምክር ቤቱና ሌሎች ማኅበራት ሜሪላንድ ፍርድ ቤት ቢከሱም አልተሳካላቸውም። ብዙዎች «ኦባማ ይሰርዘዋል» ብለው ሲጠብቁ፣ ደንቡ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2009 በእርሳቸው ዘመን ሥራ ላይ ዋለ። ጉዳዩን የአንድ ፓርቲ ጥፋት ብቻ አድርገው ለሚያወሩ ወዳጆቼ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ደንቡ ሲወጣ የሚመለከተው ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነና ከ120 ቀን የሚበልጥ ውል ነበር፤ ከ3,000 ዶላር በላይ የአገልግሎት ወይም የግንባታ ሥራ የወሰደ ንዑስ ተቋራጭም አያመልጥም ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በተለመደው አሠራር አሠሪ በመሣሪያው የሚያጣራው አዲስ ተቀጣሪን ብቻ ነው፤ ነባር ሠራተኛን መልሶ ማጣራት ክልክል ነው። የመንግሥት ተቋራጭ ግን በውሉ ሥራ ላይ የሚመደበውን ነባር ሠራተኛም፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ማጣራት አለበት። ስለዚህ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ አንድ ቀን ጠዋት እንደ አዲስ ይመረመራል።

አንዲት እናት በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የመንግሥት ሕንጻ ለዐሥራ አንድ ዓመት ወለል ሲወለውሉ ኖረዋል። ደብዳቤ ደርሷቸው እንዳነብላቸው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ስሜ ምን ሆነ አሉ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። ወረቀቱ ስማቸው ከመዝገቡ እንዳልገጠመ፣ በስምንት የመንግሥት የሥራ ቀናት ውስጥ ቀርበው ማስረዳት እንደሚችሉ፣ እስከዚያም አሠሪው ከሥራ ሊያግዳቸው እንደማይችል ይናገራል። ነገር ግን የቅርብ አለቃቸው ወረቀቱን በሰጣቸው ዕለት ከተራ አውጥቷቸው ነበር! የአባታቸው ስም «ገብረ ጻድቅ» በአንዱ ሰነድ ተቀጥሎ፣ በሌላው ለሁለት ተከፍሎ ተጽፏል፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። በአምስተኛው ቀን ተስተካከለ፤ የሳምንቱን ደመወዝ ግን የመለሰላቸው የለም። እርሳቸውም «ሥራዬ ከተመለሰልኝ ይበቃኛል» ብለው ክስ የሚባል ነገር እንዳነሣባቸው አልፈለጉም።

እስቲ ስማችንን እናስበው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችንን ስም «የመጨረሻ ስም» ብለን እናስመዘግባለን፣ ፓስፖርቱ የአያትን ሲጨምር ደግሞ የአባት ስም ወደ መካከል ይገፋል። «ጸ»ን አንዱ ጸሐፊ በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፋታል። የልደት ቀንስ? ከእኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውጠው ሰው በቀናት ከተሳሳተ ያ ስሕተት ዕድሜ ልክ ይከተላል። ዜግነት ያገኘ ሰውም ለሶሻል ሴኩሪቲ ካላሳወቀ በዚያ መዝገብ የውጭ ዜጋ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በ2007 ለመንግሥት የቀረበ ጥናት መሣሪያው በስሕተት ካስጠረጠራቸው መካከል ያለውን ልዩነት አሳይቷል፤ በውጭ አገር ከተወለዱ ዜጎች ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት ሲደናቀፉ፣ እዚሁ ከተወለዱት ግን 0.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መዝገቦቹ ተሻሽለዋል፣ ቁጥሩም ቀንሷል። የሸክሙ አቅጣጫ ግን አልተለወጠም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ችግር እውነተኛውን አጭበርባሪ ቢያስይዝ ኖሮ ምንኛ በታገሥነው! መሣሪያው የሚመረምረው ወረቀትን እንጂ ሰውን አይደለም። የሌላ ሰው ትክክለኛ ስምና ቁጥር የያዘ ሰው ሁሉም ነገር ይገጥምለታል። «ስዊፍት» የተባለው የሥጋ ኩባንያ ከ1997 ጀምሮ የሙከራው ተጠቃሚ ነበር፤ ሆኖም ዲሴምበር 12 ቀን 2006 በስድስት ክፍለ ግዛቶች ባሉት ፋብሪካዎቹ 1,300 ያህል ሠራተኞች ተያዙ። ደንቡ በጸናበት በ2009 ዌስታት ለመንግሥት ባጠናው ጥናት፣ በመሣሪያው ካለፉት ያልተፈቀደላቸው ሠራተኞች 54 በመቶ ያህሉ «ተፈቅዶለታል» እንደሚባሉ ገመተ። ፎቶ ማስተያየት ቢጨመርም ለግሪን ካርድ፣ ለፓስፖርትና ለመሳሰሉት ጥቂት ሰነዶች ብቻ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ አይታይም። የተበደረ ስም አልፎ የገዛ ስም ሲታገድ ምን ይባላል?

ደንቡ ይፍረስ አልልም። ተቋራጩ ስምንቱን ቀን ሳይጠብቅ ሠራተኛ ቢያግድ የመንግሥት ውሉ ራሱ ለአደጋ ይጋለጥ፤ የጠፋው ደመወዝም ከኪሱ ይከፈል። ዛሬ በዚህ ረገድ ያለው ጥበቃ ሠራተኛው ራሱ አቤት ሲል የሚነቃ ነው። አቤቱታ የሚቀበል ክፍል በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ለስምንት ሰዓት ወለል ወልውሎ የደከመ ሰው በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ወደዚያ ይደርሳልን?

እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ ፓስፖርትዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎን፣ መንጃ ፈቃድዎንና የዜግነት ወረቀትዎን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩአቸው። የወላጆችዎንም እንዲሁ። ልዩነት ካገኙ፣ ደብዳቤው ሳይመጣ ዛሬውኑ ያስተካክሉት።