ካሜራው ያየውና ብዕር የጻፈው

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ በሳተላይት ቴሌቪዥን እግር ኳስ ስፈልግ የጎልፍ ውድድር ገጠመኝ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ የሥራ ፈት መዝናኛ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ኳሷን ይመታል፤ ከዚያም እርሷኑ ተከትሎ በእግሩ ይሄዳል። ሆኖም አንድ አሮጌ ፊልም ካየሁ ወዲህ ሐሳቤ ተለወጠ፤ ይህንን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም እርሱው ነው። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጎልፍን በቴሌቪዥን ማሳየት ቀላል ሥራ አልነበረም። የእግር ኳስን ሜዳ አንድ ካሜራ ሊያየው ይችላል፤ የጎልፍ ሜዳ ግን 18 ጉድጓዶች ያሉት ሰፊ መስክ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹም በየአቅጣጫው ተበታትነው ይውላሉ። በ1953 በቺካጎ አጠገብ የተደረገው ውድድር ለመላው አሜሪካ ሲተላለፍ የነበረው ካሜራ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በመጨረሻው ጉድጓድ ዘንድ ተተክሎ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሉ ዎርሻም የተባለው ተጫዋች ከ90 ሜትር በላይ ርቆ የመታት ኳስ በዚያው ካሜራ ፊት ተንከባልላ ጉድጓዱ ገባችና በአንድ ምት አሸነፈ። ማስተርስ የሚባለው ታላቅ ውድድርም በ1956 በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ሕዝቡ ያይ የነበረው የመጨረሻዎቹን አራት ጉድጓዶች ብቻ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ኤፕሪል 14 ቀን 1968 ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ የተባለው አርጀንቲናዊ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ በኦገስታ፣ ማስተርስን ይጫወት ነበር። ዕለቱ 45 ዓመት የሞላበት የልደቱ ቀን ነው። በ17ኛው ጉድጓድ ኳሷን በ3 ምት አስገባ፤ ይህንንም በሜዳው የቆመው ሕዝብና በየቤቱ በቴሌቪዥን የሚመለከተው ሁሉ አየ። በጎልፍ ግን የተጫዋቹን ውጤት በካርድ የሚመዘግበው አብሮት የሚጫወተው ሰው ነው። ቶሚ አሮን በስሕተት 4 ብሎ ጻፈ፤ ዴ ቪሴንሶም ሳያስተውል ፈረመ። በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነውና፣ ሕጉ ቁጥር አሳንሶ የፈረመውን ከውድድሩ ያስወጣው ነበር፤ አብዝቶ የፈረመውን ግን በፈረመው ያጸናበታል። ስለዚህ 277 የነበረው ጠቅላላ ድምሩ 278 ሆነ፤ ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ወጥቶ በማግሥቱ ሊጋጠም ሲገባው በአንዲት ምት ተሸነፈ።

ታዲያ ካሜራው ለምን አልተጠየቀም? እኔም በመጀመሪያ እንዲህ ብዬ ተቈጥቼ ነበር። ነገር ግን በ2017 ሌክሲ ቶምፕሰን የምትባለው አሜሪካዊት በካሊፎርኒያ ስትመራ ሳለች፣ አንድ ተመልካች ከቤቱ ሆኖ፣ በዋዜማው ኳሷን ከነበረችበት ጥቂት ፈቀቅ አድርጋ አስቀምጣለች ብሎ ጻፈ። አራት ምት ተቀጣች፤ በመጨረሻም ተሸነፈች። ከ1 ጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የተመልካች ጥቆማ መቀበል ቀረ። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክል ነው፤ ካሜራ የሚከተለው መሪውን ነውና፣ ወደ ኋላ የቀረው ተጫዋች ያደረገውን ማን ያይበታል?

ፊልሙን ሳይ የሒሳብ ፈተናዬ ትዝ አለኝ። መምህራችን ወረቀታችንን መልሰው «ድምሩን አይታችሁ በዝርዝሩ ላይ ፈርሙ» ሲሉን እኔ ለእግር ኳስ ቸኩዬ ፈረምኩ። ማታ ስቈጥረው የመጨረሻው ገጽ 8 ነጥብ አልተደመረም። በማግሥቱ ስሕተቱን አመኑ፤ ዝርዝሩ ግን ለጽሕፈት ቤቱ ተላልፎ ነበር። ለአባቴ አቤቱታዬን ባሰማ «የፈረመው እጅ የማን ነው?» አሉኝ።

ዴ ቪሴንሶ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ እንጂ አሮንን አልወቀሰም። እኔ ግን መምህሩን ሁለት ሳምንት ሙሉ በመንገድ ሳገኛቸው ፊቴን አዙሬ አልፍ ነበር።